ቀጠሮን ስለ ማፍረስ፣ ስለ ቀብድና ስለ ኪራይ መኪና

በልደታ ማርያም አካባቢ የሚውል ሰው የቀጠሮን ዋጋ ሳያውቅ አይቀርም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚሁ ሰፈር ስለሚገኝ፣ በየማለዳው ወደ በሩ የሚጎርፈው ባለጉዳይ የተቀጠረበት ሰዓት እንዳያልፍበት ሲጣደፍ ይታያል። የሚጣደፍበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቀሪን አይጠብቅም። መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ የቀረ እንደ ሆነ ክርክሩ እሱ በሌለበት ይሰማል፤ ተከሳሹ መጥቶ ከሳሹ የቀረ እንደ ሆነም ክሱ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰዓት አክባሪ ባለጉዳይ፣ ለነገ ጠዋት ያስያዘው የኪራይ መኪና የማያስፈልገው ሲሆን፣ ለባለ መኪናው አንዲት ቃል ሳይልክ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል። ባለ መኪናው ዳኛ አይደለምና።

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ጭነት ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም የተገባ ነው። እኔ ዛሬ ለክቡራን አንባቢያን የማቀርበው አስተያየት ከእነዚህ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የኪራይ መኪና አስይዘው ስለሚቀሩ ሰዎች፣ ስለ መቅረታቸው ሊከፍሉ ስለሚገባው ኪሣራና ቀጠሮ ሲፈርስ ሊጠበቅ ስለሚገባው ጨዋነት ነው። ጉዳዩ የማይነካው ነጋዴ ግን ያለ አይመስለኝም። አስመጪው ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ለመውረድ፣ ቡና ላኪው የውጭ ደንበኛውን ወደ ጅማ ወይም ወደ ይርጋ ጨፌ ይዞ ለመሄድ፣ ባለ ሱቁም ልጁን ለመዳር መኪና ይከራያል። በእያንዳንዱም ንግድ ቤት ይህን ቀጠሮ የሚይዝና የሚያፈርስ አንድ ጸሐፊ አለ፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ስለ ሆንኩ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

በመጀመሪያ የባለ መኪናውን ወገን እንመልከት። በአገራችን የኪራይ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከነሾፌሩ ስለሚከራይ፣ ደንበኛው ሲቀር ሥራ ፈትቶ የሚውለው ብረቱ ብቻ አይደለም። ከዋዜማው መኪናው ይታጠባል፣ ዘይቱና ጎማው ይታያል፣ ነዳጅ ይሞላል፤ ነዳጅ ለመሙላት የሚያስፈልገውን ሰልፍ ደግሞ ለነጋዴ መንገር አይገባኝም። ሾፌሩም ሌላ የተጠየቀውን ሥራ መልሶ፣ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሥቶ በተባለው በር ይቆማል። ደንበኛው ሳይወጣ፣ ስልኩም ሳይነሣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ያ ቀን ጠፍቷል ማለት ነው። በመደርደሪያ ላይ ያለ ጨርቅ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ ያልተከራየ ማክሰኞ ግን ለረቡዕ አይተላለፍም። እኔ ከማውቃቸው አከራዮች የሚበዙት አንድ ወይም ሁለት መኪና ብቻ ያላቸው፣ ያንኑም በባንክ ብድር የገዙ ናቸው፤ የወሩን የብድር ክፍያ የሚያሟሉት በወሩ ውስጥ ባሉት የሥራ ቀናት ነው።

እንግዲህ ደንበኛው ለምን ዝም ብሎ ይቀራል? ክፋት ነው ለማለት ይከብደኛል። የሚበዛው ጊዜ ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። «ቀርቻለሁ» ማለት የሰውን ፊት ማሳዘን ይመስለናል፤ ስለዚህ «እስቲ እናያለን»፣ «ምናልባት ትንሽ ከረፈደ»፣ «እደውልልሃለሁ» እያልን ነገሩን እናቆየዋለን። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ኀፍረቱ ስለ በዛ ስልኩን መዝጋት ይቀልለናል። በሌላ አገር ሰው ዘንድ «አይሆንልኝም» ማለት ተራ ቃል ነው፤ እኛ ግን ላለማስቀየም ስንል ከማስቀየም የባሰውን ጉዳት እናደርሳለን። ባለ መኪናውም በበኩሉ ይሉኝታ ይዞት «ላልተሠራ ሥራ እንዴት ገንዘብ እጠይቃለሁ» ይላል፤ ኪሣራውን ውጦ ይቀመጥና በልቡ ቂም ይይዛል። በሁለት ጨዋ ሰዎች መካከል አንድም ክፉ ቃል ሳይነገር የንግድ ወዳጅነት የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ነገሩ በቂም ብቻ ቢቀር ለጋዜጣ ባልበቃም ነበር። ሆኖም ቀሪ የበዛበት ባለ መኪና ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ ይፈልጋል፤ ዘዴውም አንዱን መኪና ለሁለት ሰው ተስፋ መስጠት ነው። «ከሁለቱ አንዱ መቅረቱ አይቀርም» ብሎ ያሰላል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከፋሲካም በኋላ ባሉት ሳምንቶች፣ ሠርግ ሁሉ በቅዳሜና በእሑድ ስለሚደራረብ ይህ ስሌት ይበረታል። ስሌቱ የተሳሳተ ዕለት፣ ማለት ሁለቱም ደንበኞች የመጡ ዕለት፣ የሚጎዳው ቀሪው ሰው ሳይሆን ቃሉን ጠብቆ የመጣው ነው። የአንዱ መቅረት ዋጋ የማያውቀውን ሌላ ሰው ያስከፍላል።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ከአየር መንገዶች ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የአየር መንገዶች ብዙ መንገደኛ ወንበር እያስያዘ ስለሚቀርባቸው፣ ካላቸው ወንበር በላይ ማስያዝ የቆየ ልማዳቸው ነው። በአሜሪካ አገር ራልፍ ኔደር የተባለው የታወቀ የሸማቾች መብት ተከራካሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዋሽንግተን ወደ ሃርትፎርድ ለመሄድ ወንበሩን አረጋግጦ አስይዞ ሳለ፣ አሌጌኒ የሚባለው አየር መንገድ አውሮፕላኑ ሞልቷል ብሎ ከማሳፈሪያው መለሰው። ሰውየው በሌላው ከተማ ንግግር ሊያደርግ የሚጠበቅ ነበርና አልተወውም፤ ከሰሰ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 መንገደኛው አየር መንገዱን በማታለል ለመክሰስ እንደሚችል ተወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላም አውሮፕላን ሲሞላ አስቀድሞ በፈቃዱ የሚቀር መንገደኛ በካሣ እንዲፈለግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እኔን የሚያስገርመኝ ኔደር ማሸነፉ አይደለም። የዚያ ሁሉ ክርክር ሥር ስማቸው በመዝገቡ የማይገኝ፣ ከኔደር በፊት ለዓመታት ወንበር እያስያዙ ዝም ብለው የቀሩ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት እኔ በምሠራበት ንግድ ቤት ለሁለት የውጭ ገዢዎች የአራት ቀን መኪና ከአሥር ቀን በፊት ተይዞ፣ ቀብድ ተከፍሎ፣ ደረሰኙም በፋይል ገብቶ ነበር። በዋዜማው ምሽት በስልክ ሳረጋግጥ «ችግር የለም» ተባልኩ። ሲነጋ ባለ መኪናው፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» አለ። ከቀትር በኋላ ተላላኪያችን ያንኑ መኪና በሜክሲኮ አደባባይ አበባ ተለጥፎበት፣ ሙሽሮች ጭኖ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሲዞር አየው፤ ካምቢዮውም ደኅና ነበር። እንግዶቻችን በእጥፍ ዋጋ በተገኘ ሌላ መኪና ከግማሽ ቀን በኋላ ተጓዙ። ከሳምንት በኋላ ባለ መኪናው ቀብዱን አመጣና «ይኸው፣ አንዲት ሳንቲም አላጎደልኩባችሁም» ብሎ እንደ ትልቅ ውለታ ቆጠረው።

ውለታ ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1953 ዓ.ም. ጀምሮ እስካሁን የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ሦስት አጫጭር ቁጥሮች አሉት። ነጋዴ ሁሉ ቢያነባቸው የሻይ ጊዜ እንኳ አይወስዱበትም። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። በቁጥር 1884 መሠረት ውሉ የተፈጸመ እንደ ሆነ ቀብድ ተቀባዩ ገንዘቡን ይመልሳል ወይም ከሚከፈለው ሒሳብ ላይ ያስባል። ዋናው ቁጥር 1885 ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ደግሞ ውሉን ለማፍረስ ቢፈልግ የተቀበለውን አጠፌታ አድርጎ ይመልሳል።

አጠፌታ! ይህን ቃል ስንቱ አከራይ ያውቀዋል? ስንቱስ ተከራይ ይጠይቃል? በከተማችን የሚሰጡትን ደረሰኞች ሳገላብጥ፣ ከግርጌያቸው «የተከፈለ ቀብድ አይመለስም» የሚል መስመር አገኛለሁ፤ «ባለ መኪናው ከቀረ አጠፌታውን ይከፍላል» የሚል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሕጉ ያበጀው ሚዛን ሁለት ሳሕን ያለው ሲሆን፣ እኛ አንዱን ሳሕን ሰብረን ቀሪውን እንሰቅላለን። እርግጥ ነው፣ ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስላለ ውለኞች ከዚህ የተለየ ነገር ሊስማሙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ተከራዩ ሳያነበው ከደረሰኝ ግርጌ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን መስመር ስምምነት ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል። ለመቅረት ኪሣራ መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ የማምነውን ያህል፣ ኪሣራው በሁለቱም በኩል የሚቆርጥ ካልሆነ ባለ መኪናው የመጠየቅ መብቱ ደካማ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኪሣራው ልክስ ምን ያህል ይሁን? ውለኞች ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድመው በገንዘብ ሊወስኑት እንደሚችሉ በዚሁ ሕግ በቁጥር 1889 ተደንግጓል። ስለዚህ ልኩን መወሰን የእነሱ ፈንታ ነው፤ ነገር ግን ልክ የሌለው ልክ ወዳጅ ያሳጣል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ቀን ኪራይ ከነነዳጁና ከነሾፌሩ አበል 5,000 ብር ነው እንበል። መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ነዳጁ አልነደደም፤ ወደ ክፍለ ሀገር ካልወጣም አበሉ አይከፈልም። እነዚህ ሁለቱ 1,500 ብር ቢሆኑ፣ የባለ መኪናው እውነተኛ ጉዳት 3,500 ብር ነው። ስለዚህ 5,000 ብር የሚጠይቅ አከራይ ከመቅረቱ ያተርፋል ማለት ነው፤ አንድ ሰው ደንበኛው ሲመጣ ከሚያገኘው ይልቅ ሲቀር የሚያገኘው ከበለጠ፣ ደንበኛው እንዲመጣ አይመኝም። ደንበኛው ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በፊት ያስታወቀ እንደ ሆነም መኪናውን ለሌላ ለማከራየት ጊዜ ስላለ፣ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ መያዝ አግባብ አይመስለኝም። በዋዜማው ላስታወቀ ግማሹ ይበቃል። ሳይናገር ለቀረ ግን የአንድ ቀን ጉዳት ያለ ምንም ክርክር ይከፈል።

እዚህ ላይ «የአንድ ቀን» ማለቴን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ለአምስት ቀን መኪና አስይዞ የቀረውን ሰው አምስቱንም ቀን ክፈል የሚሉ አሉ። ሕጋችን ጉዳት ደረሰብኝ የሚለው ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን እንዲያደርግ ያዛል። ባለ መኪናው በመጀመሪያው ቀን ማለዳ መቅረቱን ካወቀ፣ ለሁለተኛው ቀን ሌላ ደንበኛ መፈለግ ይገባዋል እንጂ፣ መኪናውን በግቢው አቁሞ አምስት ቀን ሲቆጥር መሰንበት የለበትም።

ይህን ስናገር አንዳንድ የንግድ ባልደረቦቼ «እኛ ላልተጠቀምንበት ነገር ምን ያስከፍለናል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እነዚሁ ሰዎች ኮንቴይነራቸው ከተፈቀደለት ቀን በላይ በወደብ ሲቆይባቸው ዴመሬጅ ይከፍላሉ። ያጉረመርማሉ፣ ግን ይከፍላሉ። የመርከብ ድርጅቱ ሰው አያውቃቸውም፤ ይሉኝታም የለበትም፤ ደንቡ አስቀድሞ ተጽፏል፣ ቀኑም ተቆጥሯል። የቆመ ኮንቴይነርና የቆመ መኪና በምን ይለያያሉ? ልዩነቱ፣ ባለ መርከቡ ትልቅ በመሆኑ የሚፈራ፣ ባለ አንዲቷ መኪና ትንሽ በመሆኑ የሚታለፍ መሆኑ ብቻ ነው። ይህ ለነጋዴ ክብር አይሰጥም።

በሌላ በኩል መቅረት ሁሉ ጥፋት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ነበርና፣ ከበዓሉ በኋላ ተቀጥረው የነበሩት ሠርጎች ባንድ ጊዜ ፈረሱ። ቀብድ የከፈለውም የተቀበለውም ግራ ገባው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ ስለሆነ ነገር ሲናገር፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ፍጹም የሚያግደውን ድንገተኛ ነገር ያመለክታል፤ የመንግሥትን ክልከላም በምሳሌነት ይጠቅሳል። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ቀብዱን ለሌላ ቀን አስተላልፈው መስማማታቸው፣ አንዳንዶችም ተካፍለው መለያየታቸው የሚመሰገን ነው። እኔ በበኩሌ ማንም ባላጠፋበት ነገር ቀብድን መያዝ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን «ከአቅም በላይ» የሚለው ቃል እንደ ጃንጥላ በየቀኑ አይዘረጋም። ሐምሌ ላይ ዝናብ ዘነበብኝ፣ ለዓመት በዓል ገበያ መንገዱ ተዘጋብኝ፣ ደንበኛዬ ሐሳቡን ለወጠ የሚሉት ምክንያቶች ለወዳጅ ይነገራሉ እንጂ ኪሣራን አያስቀሩም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን፣ በእኔ ሥራ ግን ከሁሉ የሚበዛውን የመቅረት ምክንያት ላንሣ፤ እሱም የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ደንበኛ «በ7:00 መኪና ይምጣልኝ» ብሎ ይጽፋል። እሱ የሚያስበው ከጠዋቱ አንድ ሰዓትን ነው። ቁጥሩ እንዳለ ለሾፌሩ ይተላለፋል፤ ሾፌሩም እንደ አገሩ ልማድ ቆጥሮ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያሳልፍ፣ በሆቴሉ በር ይደርሳል። እንግዳው በማለዳ ወጥቶ ጠብቆ፣ ተቆጥቶ፣ በታክሲ ሄዷል። እንግዳው መኪናው ቀረ ይላል፤ ሾፌሩ እንግዳው ቀረ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው። በወረቀት ላይ «05/06» ተብሎ ቢጻፍ፣ እኛ የካቲት 5 ብለን እናነባለን፤ የአውሮፓው ሰው ጁን 5 ይለዋል፤ አሜሪካዊው ደግሞ ሜይ 6 ይለዋል። ሦስት ሰዎች በአንድ ወረቀት ሦስት ቀጠሮ ይዘዋል።

በዚህ ላይ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግሥት የሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች ግንኙነት በአንድ ቀን ይዛነፋል። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለው እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በሴፕቴምበር 12 ነበር፤ መዛነፉም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። በእነዚያ ወራት በቃል እየቆጠረ ቀን የሚለውጥ ጸሐፊ መኪናውን ከእንግዳው አንድ ቀን አስቀድሞ ወይም አዘግይቶ ወደ ቦሌ ሊልክ ይችላል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሲደርስ ኪሣራው የማን ነው? በእኔ አስተያየት ቁጥሩን ሳይተረጉም ያስተላለፈው ወገን ነው። ሾፌሩ የተጻፈለትን አነበበ፤ እንግዳው የአገሩን ጻፈ፤ በመካከል የቆመው፣ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያውቀው ሰው ግን የተቀመጠው ለዚሁ ሥራ ነው። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ከሰዓቱም አጠገብ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚል ቃል ይጨመር፤ ቢቻል ዕለቱም፣ ማክሰኞ ነው ሐሙስ፣ ይጠቀስ። ዕለት በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነውና ስሕተትን ቶሎ ያጋልጣል።

ስለ ደላላም አንድ ቃል ልበል። ብዙ ጊዜ ተከራዩ ባለ መኪናውን አያውቀውም፤ ቀብዱን የሚሰጠው ለደላላው ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ቆርጦ የቀረውን ያስተላልፋል፤ አንዳንዴም እስከ ዋዜማው አያስተላልፍም። ቀጠሮው ሲፈርስ ተከራዩ ደላላውን፣ ደላላው ባለ መኪናውን ይጠቁማል፤ ባለ መኪናውም «እኔ ከማንም አልተቀበልኩም» ይላል። ይህን ለማስቀረት ቀብድ በቀጥታ በባለ መኪናው ስም ቢከፈል ይሻላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የትንንሽ ገንዘብ ክፍያ እንኳ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚያሳይ ምስክር ይዞ ይቀራል። መመለስም የዚያኑ ያህል ቀላል ሆኗል፤ «ገንዘቡን ይዤ ልመጣልህ ስል ሳይመቸኝ ቀረ» የሚለው ምክንያት አሁን አያስኬድም።

የማፍረስ ጨዋነትን በተመለከተ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰው ራሱ ይደውል፤ በተላላኪ ልጅ አፍ ወይም በእኩለ ሌሊት በሚላክ አጭር መልእክት አያድርገው፤ መልእክት ቢልክም መነበቡን ያረጋግጥ። ቃሉም የተቆረጠ ይሁን። «መኪናውን አልፈልገውም፤ ለሌላ ስጠው» ማለት ባለ መኪናውን ለጊዜው ያሳዝነው ይሆናል፤ ግን ነጻ ያወጣዋል። «እስቲ ቆይ» የተባለ መኪና ለማንም አይሰጥም፣ ለማንም አይሠራም። ምክንያት መዘርዘርም አያስፈልግም፤ ምክንያት ሲበዛ ክርክር ይበዛል። ባለ መኪናውም በበኩሉ መኪናው እንደማይመጣ ካወቀ ያኔውኑ ይናገር፤ አቻ የሚሆን ሌላ መኪና ቢያገኝ ያቅርብ፤ ካላገኘ አጠፌታውን አጅቦ ይምጣ።

በመጨረሻ ለንግድ ምክር ቤታችን የማቀርበው አንድ ልመና አለኝ። ምክር ቤቱ በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ነጋዴዎችን ሲያስማማ የኖረ ነው፤ ትላልቅ የውል ክርክሮችን የሚያይበት የግልግል ተቋምም አለው። ይሁን እንጂ ለ1,500 ብር ቀብድ ወደ ግልግል ተቋም የሚሄድ የለም፤ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት የሚሄድም የለም፤ የጠበቃውና የቀጠሮው ወጪ ከገንዘቡ ይበልጣልና። ስለዚህ ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት የሚያስቀር አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልገናል። ምክር ቤቱ የመኪና ማስያዣ ደረሰኝ ናሙና አዘጋጅቶ ቢያሳትም፣ ለአከራዮችም ለአባሎቹም ቢያድል መልካም ነው። በአንድ ገጽታው አማርኛ፣ በጀርባው እንግሊዝኛ ይኑርበት። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዕለቱ በስም፣ ሰዓቱ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ተብሎ የሚሞላበት ቦታ ይኑረው። ተከራዩ እስከ ስንት ሰዓት ካስታወቀ ምን ያህል እንደሚመለስለት፣ ሳይናገር ከቀረም ምን ያህል እንደሚከፍል በቁጥር ይሞላበት። ከዚያው ሥር፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ባለ መኪናው የቀረ እንደ ሆነ የሚመልሰው አጠፌታ በብር ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። አሁን ወደ ማተሚያ ቤት ቢላክ፣ የጥር ሠርግ ከመግባቱ በፊት በየሾፌሩ ኪስ ሊደርስ ይችላል።